ለቤት ራውተርና ፋየርዎል የሚሆን ርካሽና ኃይል ቆጣቢ ዕቃ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚመጡት ቤታቸው ፋይበር ካስገቡ ሰዎች ነው። ጥቂቶቹ ደግሞ ውጭ አገር ሆነው ለቤተሰብ ዕቃ ገዝተው መላክ ከሚያስቡ ወገኖች ነው። በውጭ የሚጻፉ የግዢ ምክሮች የሚጀምሩት ከፍጥነት ነው። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ቤት ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ስንት ዋት ይበላል፣ ቀጥሎ መብራት ሲመለስ ሰው ሳይነካው ይነሳል ወይ፣ ፍጥነት ሦስተኛ ነው። መልሶቹ የተጻፉት በዚህ ሚዛን ነው። ራውተር የምንለው መስመሩን ለቤቱ ዕቃዎች የሚያካፍለውን፣ ፋየርዎል የምንለው ደግሞ ከውጭ የሚያንኳኳውን የሚያስቆመውን ነው።

የኢንተርኔት ድርጅቱ የሰጠኝ ሳጥን ራሱ ራውተር አይደለም እንዴ? ሌላ ለምን እገዛለሁ?

ራውተር ነው። የፋይበሩን ብርሃን ወደ ኔትወርክ ይቀይራል፣ መስመሩን ያካፍላል፣ ዋይፋይም ያሰራጫል። ቤትዎ ውስጥ ያለው ስልክና ቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ የዋይፋዩንና የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን (ያለ ይለፍ ቃል ቁልፍ ተጭኖ ዋይፋይ ማገናኛውን) ያጥፉ፣ እዚያው ላይ ያቁሙ። ገንዘብዎን ለሌላ ነገር ያውሉት።

ሌላ ዕቃ የሚያስፈልገው ሳጥኑ የማይችለው ሥራ ሲመጣ ነው። የተለመደው ምሳሌ የግቢ ካሜራ መቅጃ ነው። ርካሽ መቅጃዎች ሶፍትዌራቸው ከተገዙ በኋላ የሚታደስበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ በስልክ እንዲታዩ ሲባል ደግሞ ቀን ከሌት ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ይነጋገራሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ የቤተሰቡ ላፕቶፕ ካለበት ኔትወርክ ተነጥሎ መቀመጥ አለበት። ሰርቪስ ቤት ለተከራየ ሰው መስመር ማካፈል፣ ልጆች የሚገቡባቸውን ድረ ገጾች መገደብ፣ ከውጭ ሆኖ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ መንገድ) ቤት ውስጥ ወዳለ ኮምፒውተር መግባትም ከዚሁ ጎራ ናቸው።

ለመስመሬ ምን ያህል ጉልበት ያለው ዕቃ ያስፈልገኛል?

የሚቆጠረው በየወሩ የሚከፍሉበት ፍጥነት ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር አይደለም። ያ ቁጥር የሁሉም የዋይፋይ ሞገዶች ፍጥነት ተደምሮ የሚጻፍ ስለሆነ ስለ ራውተሩ አቅም የሚነግረን ነገር የለም።

ዳታን ከአንድ ፖርት ወደ ሌላው ማሳለፍ ቀላል ሥራ ነው። እስከ 100 ሜጋ ለሚደርስ መስመር ዛሬ የሚሸጥ ባለ ጊጋቢት ትንሽ ራውተር ሁሉ ይበቃዋል። ጉልበት የሚበሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቪፒኤን፣ የመስመሩን ወረፋ ማስተካከል፣ እና እንደ ሱሪካታ ያለ የሚያልፈውን ዳታ ከፍቶ የሚፈትሽ ሶፍትዌር። ርካሽ ራውተሮች ጊጋቢት እናሳልፋለን ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን ያንን የሚያደርጉት ፕሮሰሰሩን በአቋራጭ በማለፍ ነው። ከሦስቱ አንዱን ሲያበሩ አቋራጩ ይዘጋል፣ ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ፍጥነቱም ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ሜጋ ያሳልፋል?» ብቻ ብለው አይለፉት። «ቪፒኤን ሲበራስ?» ብለው ይጨምሩበት። መልስ ከሌለው መልሱን አገኙት ማለት ነው።

አንድ ሰው ቪዲዮ ሲያወርድ የቀረው ቤተሰብ ሁሉ ይቆማል። ውድ ራውተር ይፈታዋል?

ውድነቱ አይፈታውም። ችግሩ መስመሩ ሲሞላ ሞደሙ ውስጥ የሚጠራቀመው ወረፋ ነው፤ የአንዱ ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን የሌላው የቪዲዮ ጥሪ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ኤስኪውኤም የሚባል አሠራር ነው። ራውተር ላይ በሚጫነው ኦፕን ደብሊውአርቲ በሚባለው ሲስተም ላይ «ኬክ» በሚል ስም የሚታወቀው ወረፋ አስተካካይ ይገኛል፤ ሚክሮቲክ የሚባለው ራውተር አምራችም በራሱ ሲስተም፣ በራውተርኦኤስ 7 ላይ፣ አስገብቶታል። መስመርዎ 25 ሜጋ ከሆነ 22 ወይም 23 ብለው ያስገቡለታል፤ ወረፋው ሞደሙ ውስጥ መፈጠሩ ቀርቶ ራውተሩ ውስጥ ይፈጠራል፣ ራውተሩም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በፍትሐዊነት ያካፍላል። ከቤት ወደ ውጭ የሚጫነውን ዳታ ፍጥነትም ለብቻው ማስገባት አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያንቀው እሱ ነው።

ለ10 እና ለ25 ሜጋ መስመር ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የሚያመጣ ነገር አላውቅም። አሮጌ ኤምቲ7621 ፕሮሰሰር ያለው ራውተር እንኳ እስከ 100 ሜጋ አካባቢ ድረስ ይሸከመዋል። መስመሩ በብዙ መቶ ሜጋ የሚቆጠር ከሆነ ግን ኤን100 ወደሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ወይም ወደ አዲሶቹ የአርም ፕሮሰሰሮች መሄድ ግድ ይላል።

ቤት ውስጥ አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ። ነፃ አይደለም?

ለመግዣው ነፃ ነው። ራውተር ግን ለአፍታም የማይጠፋ ዕቃ ነው። ሌት ተቀን የሚሠራ 1 ዋት በዓመት 8.76 ኪሎዋት-ሰዓት ይቆጥራል። ሥራ ሳይበዛበት 60 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ ወደ 525 ኪሎዋት-ሰዓት ይደርሳል፤ 5 ዋት የሚበላ ትንሽ ራውተር 44 አይሞላም። የቆጣሪው ሂሳብ አገር ቤት እንደ አውሮፓ ላያስደነግጥ ይችላል። ዋናው ጉዳት ግን ሂሳቡ ሳይሆን ባትሪው ነው፦ 60 ዋት የሚበላ ነገር መብራት ሲጠፋ በትንሽ ባትሪ የሚዘልቀው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ድምፁ፣ ሙቀቱና የሚሰበስበው አቧራ ሳይቆጠር።

ለመማሪያ ግን ከሱ የተሻለ የለም። ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ ሰክተው ኦፒኤንሴንስን ወይም ፒኤፍሴንስን (ኮምፒውተርን ፋየርዎል የሚያደርጉ ሲስተሞች ናቸው) ጭነው ይለማመዱ፤ ሥራው ሲገባዎት ትንሹን ዕቃ ይግዙ። የሠሩትን ቅንብር አውጥተው አዲሱ ላይ መጫን ይቻላል፤ የኔትወርክ ፖርቶቹን ስም ብቻ እንደ አዲስ ያስተካክሉታል።

መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቴ እንዳይቋረጥ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ደስ የሚለው፦ ቤት የሚገባው ጂፖን የሚባለው የፋይበር ዓይነት በመንገድ ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለውም። ከጣቢያው እስከ ቤትዎ ያለው ማከፋፈያ ብርሃን የሚከፍል መስታወት ብቻ ነው። ጣቢያው ኃይል እስካለው ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ቢጨልምም መስመሩ ይሠራል። የሚጠፋው የእርስዎ ሳጥንና ራውተር ነው። ስለዚህ ባትሪው ለሁለቱም መድረስ አለበት፤ ራውተሩን ብቻ ባትሪ ላይ አድርጎ የፋይበሩን ሳጥን ግድግዳ ላይ መተው በየቤቱ የሚታይ ነገር ነው።

አሁን ስሌቱ። በትንንሽ ዩፒኤሶች (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጡ ባለ ባትሪ ዕቃዎች) ውስጥ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 42 ነው። ሳጥኑና ራውተሩ ተደምረው 10 ዋት ከበሉ አራት ሰዓት ያህል ይሄዳሉ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ከባትሪው በቀጥታ በ12 ቮልት ሲወስዱ ነው። ተራ ዩፒኤስ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ይቀይራል፣ የራውተሩ አዳፕተር ደግሞ 220ውን መልሶ ወደ 12 ያወርዳል። በዚህ ምልልስ ከኃይሉ ቀላል የማይባል ድርሻ ወደ ሙቀት ተቀይሮ ይጠፋል።

በቀጥታ ሲያገናኙ የቮልቴጁ ነገር አለ። «12 ቮልት» የሚባለው ባትሪ ሁልጊዜ 12 አይደለም፦ ሞልቶ ሲቀመጥ 12.7 አካባቢ፣ ሲሞላ እስከ 14.4፣ ሲዳከም ከ12 በታች ነው። ሚክሮቲክ ሄክስ፣ አርቢ750ጂአር3 የሚባለው፣ ከ8 እስከ 30 ቮልት ስለሚቀበል ባትሪው ላይ ተገናኝቶ ግድ አይሰጠውም። ለሶላርም እንዲሁ። አብዛኞቹ ሚኒ ፒሲዎችና የፋይበር ሳጥኖች ግን የሚሉት 12 ቮልት ብቻ ነው፤ 14.4 ቢላክባቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ለነሱ መሀል ላይ ቮልቴጁን 12 ላይ የሚያቆም ትንሽ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ማድረግም የግድ ነው፤ ባትሪ ትንሽ ቢሆንም ሽቦ ቢነካካ እሳት ያስነሳል።

ይህን ሁሉ ሽቦ የማይፈልግ ሰው ለራውተር ተብለው የሚሸጡትን ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤሶች መግዛት ይችላል። ላያቸው ላይ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ቢጻፍ ቁጥሩ በባትሪው በራሱ በ3.7 ቮልት የተቆጠረ ነው፤ ማለትም 37 ዋት-ሰዓት። ለ10 ዋት ጭነት ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ያውም ቁጥሩ እውነተኛ ከሆነ። ስንት አምፒር ማውጣት እንደሚችልም ይመልከቱ። 1 አምፒር ብቻ የሚሰጥ ዕቃ ለትንሽ ራውተር ይሆናል፣ ሚኒ ፒሲ ግን ሲነሳ ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ ሊያስነሳው አይችልም።

መብራት ሲመጣ ሰው ሳይነካው ይነሳል?

ትንንሽ ራውተሮች ይነሳሉ። ሚኒ ፒሲና ቲን ክላይንት (መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ትንሽ ኮምፒውተር) ግን ከፋብሪካ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ቁልፋቸው እስኪጫን ይጠብቃሉ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚከፈተው ቅንብር) ውስጥ ገብተው ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን ፈልገው «ይነሳ» የሚለው ላይ ያድርጉት። ይህ ምርጫ የሌለው ዕቃ ለራውተርነት አይሆንም፤ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን።

ከዚያ ይሞክሩት። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ እስከ አሥር ይቁጠሩ፣ ይመልሱ። ከዚያም መብራት እንደሚያስቸግርበት ቀን ነቅሎ መመለሱን ደጋግመው ያድርጉት። ቶሎ ቶሎ ሲነቀል የሚንገዳገድ ዕቃ ክረምት ሲገባ ያስቸግራል። ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ ሲጭኑ ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የፋይል አደረጃጀት ይምረጡ፤ ድንገተኛ መጥፋትን ከአሮጌው ዩኤፍኤስ በተሻለ ይችለዋል። ኦፕን ደብሊውአርቲ ዋናውን ሲስተም በማይጻፍበት ክፍል ስለሚያስቀምጥ በዚህ በኩል ብርቱ ነው።

አንድ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ደግሞ ሰዓቱ ነው። ባዮሱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ጠፍጣፋ ባትሪ ከሞተች፣ ያገለገለ ዕቃ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞታ ነው የምትገኘው፣ ዕቃው በተነሳ ቁጥር ዓመተ ምሕረቱን ይስታል። ሰዓቱ ሲሳሳት ዲኤንኤስሴክ የሚባለው የድረ ገጽ ስም ማረጋገጫ መልሶቹን ጊዜያቸው አይገጥምም ብሎ ይጥላል። ሰዓቱን ለማስተካከል የሰዓት ሰርቨሩን በስሙ መፈለግ አለበት፤ ስሙ ደግሞ አይገኝም፤ ምክንያቱም ሰዓቱ የተሳሳተ ነው። ከውጭ ሲታይ መብራቶቹ ሁሉ በርተው ኢንተርኔት የለም። ባትሪዋን ይቀይሩ፣ ከሰዓት ሰርቨሮቹም አንዱን በስም ሳይሆን በአይፒ ቁጥር ያስገቡ። ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር እስከ 4ኛው ድረስ ሰዓት ያዥ የለውም፤ 5ኛው አለው፣ ባትሪውን ግን ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል።

በጣም ርካሹ ደህና ምርጫ የቱ ነው?

ከ100 ሜጋ በታች ለሆነ ቤት፣ ከላይ የተጠቀሰው ሚክሮቲክ ሄክስ። የላትቪያ ዕቃ ነው፤ አምስት ጊጋቢት ፖርቶች፣ 880 ሜጋኸርዝ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ሚሞሪ አለው፤ ብዙውን ጊዜ 5 ዋት አይሞላም። የአምራቹ ዋጋ 60 ዶላር አካባቢ ነው፤ እዚህ ደርሶ ስንት እንደሚሸጥ እንግዲህ የሱቁ ጉዳይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ ሄክስ ፕሮሰሰሩም ሚሞሪውም የተሻለ ነው፤ የሚቀበለው የቮልቴጅ ስፋት ግን ስለሚለይ በባትሪ ሊያሠሩት ካሰቡ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ።

ጉድለቱ ራውተርኦኤስ ለጀማሪ አለመመቸቱ ነው። ቅንብሩ ብዙ፣ ቃላቱ ከባድ። በሌላ በኩል በአገራችን ብዙ የኔትወርክ ባለሙያዎች የሚያውቁት ስለሆነ ሲቸግርዎ የሚጠይቁት ሰው አያጡም፤ ይሄ ከፍጥነት በላይ ዋጋ አለው። ማስተዳደሪያውን ግን በፍጹም ለኢንተርኔት ክፍት አይተዉት። በ2018 እ.ኤ.አ. ዊንቦክስ በሚባለው ማስተዳደሪያ ላይ በተገኘ ቀዳዳ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሚክሮቲኮች ተጠልፈው ነበር። ማስተካከያው አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የተጠለፉት ያልታደሱት ናቸው።

ያለኝ ቲፒሊንክ 841 ላይ ኦፕን ደብሊውአርቲ ልጫን?

ገልብጠው ጀርባውን ይዩት። ከሞዴሉ ቀጥሎ የተጻፈው የስሪት ቁጥር ዕጣውን ይወስናል፦ ስሪት 13 ፍላሹ (ሲስተሙ የሚቀመጥበት) 8፣ ራሙ (የሥራ ሚሞሪው) 64 ሜጋባይት ነው፤ ከሱ በኋላ የወጣው ስሪት 14 ወደ 4 እና 32 ወርዷል። አዲሱ ከአሮጌው ያነሰ ነው ማለት ነው። 4 እና 32 ያላቸው ዕቃዎች የዛሬውን ኦፕን ደብሊውአርቲ አይሸከሙም፤ 8 እና 64ም ጭንቅ ነው። አዲስ ከገዙ 16 ሜጋባይት ፍላሽና 128 ሜጋባይት ራም ዝቅተኛው ይሁን። 841 ፖርቶቹም ባለ 100 ሜጋ ናቸው። ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ አድርጎ ማኖሩ ይበጃል።

ለኦፕን ደብሊውአርቲ ተብሎ የተሠራ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣውን ኦፕን ደብሊውአርቲ ዋንን ይመልከት። 1 ጊጋባይት ራም፣ አንድ የ2.5 ጊጋና አንድ የ1 ጊጋ ፖርት፣ ዋይፋይ 6 አለው። ሲታደስ ቢበላሽ መመለሻ የሚሆን ለብቻው የተቀመጠ ፍላሽ አለው፤ ውጭ ሆኖ ለቤተሰብ የሚልክ ሰው ይህችን ነገር ልብ ይበል።

ራስቤሪ ፓይስ?

ካለዎት ይሠራል፤ ለዚህ ብለው አይግዙት። አንድ የኔትወርክ ፖርት ብቻ ስላለው ወይ በዩኤስቢ ሁለተኛ ይጨምሩለታል፣ ወይ ቪላን (አንዱን ገመድ ለተለያዩ ኔትወርኮች መክፈል) በሚያውቅ ስዊች ላይ ይሰኩታል። ፓይ 3ቢ ፕላስ ጊጋቢት ተብሎ ቢሸጥም ፖርቱ በዩኤስቢ 2 በኩል ስለሚሄድ 300 ሜጋ አካባቢ ላይ ይቆማል። 4ኛው እውነተኛ ጊጋቢት ነው። ሲስተሙ ያለበት ሚሞሪ ካርድ ብዙ ሲጻፍበትና መብራት ሲቆራረጥበት ይበላሻል፤ በስልክ ቻርጀር ሲሠራ ደግሞ ኃይል አንሶት ይንገዳገዳል። ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስም በይፋ ፓይ ላይ አይሠሩም፤ ኦፕን ደብሊውአርቲ ነው ያለው። በተቀራራቢ ዋጋ ናኖፓይ አር2ኤስ ወይም አር4ኤስ ሁለት የጊጋቢት ፖርት ይዘው፣ ያለ ፋን፣ በ5 ቮልት ይሠራሉ።

ኢንተርኔት ላይ የሚታዩት ባለ ኤን100 ሳጥኖች ጥሩ ናቸው?

ዛሬ ፒኤፍሴንስ ወይም ኦፒኤንሴንስ ለሚፈልግ ሰው ምርጫው በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ኤን100 ኢንቴል በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር ነው። አካሉ ራሱ ሙቀት ማውጫ የሆነ፣ ፋን የሌለውና አራት የ2.5 ጊጋ ፖርት ያለው ሳጥን ውስጥ ይሸጣል። ጊጋቢት መስመርን ከነቪፒኤኑ ያለ ጭንቀት ይሸከማል።

ማስታወቂያው 6 ዋት ይላል። ያ የፕሮሰሰሩ የሙቀት ልክ ነው፤ ከግድግዳው የሚወሰደው ከነፖርቶቹና ከነዲስኩ 10 ዋት አካባቢ፣ ሥራ ሲበዛበት ከዚያ በላይ ነው። በሁለት ራውተር ሂሳብ ባትሪ ያዘጋጁለት።

ሲደርስዎ ቀድሞ የተጫነበትን ሶፍትዌር ሳያዩ ያጥፉትና ከራሱ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ያወረዱትን ይጫኑ። ሌላ ሰው የጫነው ፋየርዎል ፋየርዎል አይደለም። ሚሞሪውን ሜምቴስት በሚባል መፈተሻ ሶፍትዌር ሌሊቱን ሙሉ ይፈትሹ። ራም ሳይኖረው ከገዙ 8 ጊጋ ይበቃል፤ ኦፒኤንሴንስ በትንሹ 2 ጊጋ ይጠይቃል፣ 4 ለተራ ቤት ደህና ነው። የአዳፕተሩን ጫፍ ደግሞ ይለኩ፤ 5.5 በ2.5 እና 5.5 በ2.1 ሚሊሜትር ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ የማይገጥም ወይም ልል የሆነ ጫፍ ሳጥኑን በየጊዜው ያጠፋዋል።

ሌላው ቦታው ነው። ፋን የሌለው ዕቃ አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ብርዱ ያግዛል፤ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ከሆነ ቁምሳጥን ውስጥ አይቆልፉት፣ ሌላ ዕቃም አይደራርቡበት።

ኔትወርክ ካርዱ ኢንቴል መሆን አለበት?

ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ የቆሙት ፍሪቢኤስዲ በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የኢንቴል ካርዶች የተሻለ ይሠራሉ፣ የሬልቴክ ደግሞ የሚንጠባጠቡበት ጊዜ አለ። በዩኤስቢ የሚሰኩትንማ ለዚህ ሥራ አያስቧቸው። ኦፕን ደብሊውአርቲ የቆመው ሊኑክስ ላይ ስለሆነ ሬልቴክ ብዙም አያስቸግርም። ከኢንቴልም አይ225 የሚባለው የመጀመሪያ ስሪቱ የሃርድዌር እንከን ነበረበት፤ ያገለገለ ሲገዙ ስሪት 3 ወይም አይ226 መሆኑን ያረጋግጡ። ባለ አራት ፖርት አይ350 ካርድ በማይታመን ዋጋ ካገኙ ደግሞ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ገበያው በነሱ የታወቀ ነው።

ያገለገለ ቲን ክላይንት አግኝቻለሁ። ይሆናል?

በጣም። ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሲቀይሩ ወደ ገበያ የሚወጡት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። ኤችፒ ቲ620 ፕላስ፣ ፉጂትሱ ፉትሮ ኤስ920 እና ዴል ዋይዝ 5070 ኤክስቴንድድ የኔትወርክ ካርድ የሚሰካበት ቦታ ስላላቸው ለዚህ ሥራ ይፈለጋሉ። ስሙን በደንብ ያንብቡ፦ ያለ «ፕላስ» እና ያለ «ኤክስቴንድድ» የሚሸጡት ቀጫጭኖቹ ያ ቦታ የላቸውም፣ ፎቶው ግን ይመሳሰላል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት መሆኑንም ይጠይቁ፤ ፒኤፍሴንስ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.4 ስሪቱ 32 ቢቱን ትቶታል። የራሱን አዳፕተር አብረው ይቀበሉ፤ ብዙዎቹ 19 ቮልት ስለሆኑ ለ12 ቮልት ባትሪ አይመቹም።

ሁሉም የሚያመሰግነው ኤፒዩ2ስ?

ፒሲ ኢንጂንስ የሚባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ይሠራው የነበረ ቦርድ ነው። ከ6 እስከ 12 ዋት ብቻ እየበላ ለዓመታት ሳይጠፋ የሚሠራ ብርቱ ዕቃ ነው። ድርጅቱ ምርቱ እንደሚያበቃ በ2023 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ሰው ቢሰጥዎት ይቀበሉ። በገንዘብ ከሆነ ግን በፍሪቢኤስዲ ላይ፣ በተለይ ፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል መገናኘት) በሚጠቀም መስመር፣ ሙሉ ጊጋቢት እንደማያወጣ አውቀው ይግዙ።

ዋይፋዩንስ ማን ያሰራጫል?

ሌላ ዕቃ። ፋየርዎሉ ውስጥ የዋይፋይ ካርድ መክተት በፍሪቢኤስዲ ላይ አይመከርም፤ ድጋፉ ደካማ ነው። ያለዎትን አሮጌ ራውተር ይጠቀሙ፦ ዲኤችሲፒውን (ለዕቃዎቹ አድራሻ የሚያድለውን) ያጥፉ፣ አድራሻውን ከአዲሱ ራውተር ጋር እንዳይጋጭ ይቀይሩ፣ ገመዱንም ኢንተርኔት የሚል ምልክት ያለበት ፖርት ላይ ሳይሆን ከአራቱ በአንዱ ላይ ይሰኩ። የድርጅቱን ሳጥን ዋይፋይ ያጥፉት፤ ካልጠፋ ቤተሰቡ በፋየርዎሉ በኩል ሳይሆን በጎን ነው የሚገባው፣ የሠሩት ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሁለት ራውተር ሲደራረብ ችግር አለው? ከውጭስ ወደ ቤት መግባት እችላለሁ?

ለማሰስ፣ ለቪዲዮና ለጥሪ ምንም አይልም። ችግሩ የሚመጣው ከውጭ ወደ ቤት ለመግባት ሲፈልጉ ነው። ከተቻለ ድርጅቱ ሳጥኑን ብሪጅ እንዲያደርገው ይጠይቁ፤ ያኔ ሳጥኑ ብርሃኑን ብቻ ይቀይራል፣ የእርስዎ ራውተር ከመስመሩ ጋር ራሱ ይገናኛል።

ያም ሆኖ ራውተርዎ ያገኘውን አድራሻ ይመልከቱ። በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ያለ ከሆነ፣ አድራሻው ከሌሎች ደንበኞች ጋር የጋራ ነው፤ ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም። መፍትሔው ቤቱ ራሱ ወደ ውጭ እንዲደውል ማድረግ ነው፦ ውጭ አገር ርካሽ ሰርቨር ተከራይተው ዋየርጋርድ በሚባለው የቪፒኤን ዓይነት ማገናኘት፣ ወይም እንደ ቴልስኬል ያለ አገልግሎት መጠቀም። በዋየርጋርድ ከሆነ በቤቱ በኩል በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልክ ያድርጉ፤ አለበለዚያ መንገዱ ዝም ሲል ይዘጋል።

ዋየርጋርድ ለርካሽ ዕቃ የተመቸ ነው፤ የሚጠቀምበት ቻቻ20 የሚባል ማመስጠሪያ የተለየ የሃርድዌር ድጋፍ አይጠይቅም። ሌላው የቪፒኤን ዓይነት፣ ኦፕንቪፒኤን፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ኤኢኤስ የሚባለውን ማመስጠሪያ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ለዚያ የተዘጋጀ ትእዛዝ ከሌለው ይንፏቀቃል። ራስቤሪ ፓይ 4 የለውም፣ 5ኛው አለው።

ፋየርዎሉ ከቫይረስ ያድነኛል?

ከውጭ የሚያንኳኳውን ያስቆማል። እርስዎ ራስዎ በቴሌግራም የተላከልዎትን ፋይል ከከፈቱ ግን ምንም አያደርግም።

ከአሜሪካ ሰው ይዞልኝ ቢመጣስ?

አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ እዚህም ይሠራል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ሌላ አዳፕተር ይግዙለት። የሚልከው ሰው ዕቃውን እዚያው እያለ ሙሉ በሙሉ ቢያዘጋጀው ይመረጣል፦ ሶፍትዌሩን አድሶ፣ የራሱን ቪፒኤን አስገብቶ፣ ነቅሎ ሰክቶ ሞክሮ። የቅንብሩን ቅጂ ለራሱ ያስቀር፤ ሌላ ቅጂ በፍላሽ አድርጎ ከዕቃው ጋር ይላክ። ፖርቶቹ ላይ ደግሞ በፕላስተር በአማርኛ ይጻፍባቸው፦ «ከፋይበር የሚመጣ»፣ «ወደ ዋይፋይ»፣ «ካሜራ»። እማማ በስልክ «የቱ ላይ ልሰካው?» ሲሉ መልሱ እዚያው ተጽፎ ያገኙታል።